ከወፍጮ ጩኸት ያስጣልነው ጆሮ

ሰው ሰላም ሲለኝ ከፊቱ በፊት ጆሮውን የማየት አመል አለብኝ። ጡረታ ስወጣ ይተወኛል ብዬ ነበር፤ ወይ ፍንክች! ባለፈው ሰሞን ከወረታ ገበያ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስመለስ፣ ሹፌሩ ልጅ የስልኩን ኤርፎን በቀኝ ጆሮው ሰክቶታል፤ የግራው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ዝም ልል ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

“የኔ ልጅ፣ የግራው እየወደቀ ያስቸግርሃል አይደል?” አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። “በምን አወቁ እማማ? ጠንቋይ ነዎት እንዴ?”

“ምን ጠንቋይ አደረገኝ! የግራ ጆሮህ ቀዳዳ ከቀኙ ሰፋ ይላል፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አሁን ግን የቀኙንም አውልቀው። ከኋላህ ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባ ቢነፋ በምን ልትሰማው ነው?”

እየሳቀ አወለቀው። ደጄ ላይ አውርዶኝ ሲዞር ግን መልሶ ሲሰካው አይቼዋለሁ። ይሁን፤ ምክር እስከ ደጅ ድረስ ከተሸኘችም ምን ይወጣላታል።

እኔ ጆሮ ለኪ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ አለ እንዴ የሚል አይጠፋም፤ እኔም እስክገባበት ድረስ መኖሩን አላውቅም። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሚሰጠው መስሚያ ከጆሯቸው ልክ እንዲገጥም፣ ጩኸት ያለበት ቦታ የሚሠሩ ሰዎች ጆሯቸውን የሚደፍኑበት ውታፍ ድምፅ እንዳያሾልክ፣ የጆሮን ውስጥ በለስላሳ ሊጥ ቀድቶ ማውጣት ነው ሥራው። የሁለት ሰው ጆሮ አንድ አይሆንም። ያንዱ ሰው ቀኝና ግራ እንኳ ወንድማማች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም። “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ደግሞ ከባዳዎች ጋር ስኖር ነው ያረጀሁት።

አጀማመሬ በጥርስ ነበር። ኢሕአዴግ የገባ ሰሞን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አንበሳሜ እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ጎንደር ያለችው አክስቴ፣ “ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ቤት ጀሶ የምታቦካ ልጅ ይፈልጋል፤ ነይ” ብላ ላከችብኝ። ሊጥ ያቦካ እጅ ጀሶ አያቅተውም ብዬ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ያቦካሁት ጀሶ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ደርቆ ባልዲው ተጣለ።

የዚያ ቤት ዋና ሠራተኛ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ጎንደር ለአጭር ጊዜ መጥተው በዚያው የቀሩ። ጥርስ መሥራት ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን የላይ ጥርስ ራሳቸው ሠርተው ያደረጉ ሰው ነበሩ፤ ደንበኛ ሲጠራጠር ነቅለው ያሳዩታል። ስለ ባልዲው አልተቆጡኝም። “ብርቄ፣ ጀሶ ሰው አይጠብቅም። አንቺ ነሽ የምትጠብቂው” ብለው ሌላ ባልዲ ሰጡኝ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ እሱን አንቆጥረውም።

አንድ ጊዜ ግብረ ሰናይ ነን ያሉ ሰዎች መስማት ለተሳናቸው ልጆች መስሚያ ይዘው ጎንደር መጡ። መስሚያው መጣ፤ ከጆሮ የሚገጥምበት ነገር ግን አልመጣም። እንዲሁ ሲሰኩት እንደ ፉጨት ይጮኻል፤ ልጆቹም አውልቀው ይጥሉታል። ጋሽ ሽፈራው ነገሩን ሰምተው፣ “ድድ መለካት የቻለ ጆሮ መለካት ያቅተዋል?” አሉና ጀመሩት። እኔም አጠገባቸው ነበርኩና ጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ ጥርስ የምግቤ፣ ጆሮ የልቤ ሥራ ሆነ።

አሠራራቸው ልዩ ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን በሞቀ ውኃ ይታጠባሉ፤ “ቀዝቃዛ እጅ የነካው ጆሮ ይኮማተራል” ይላሉ። ከዚያ በባትሪ ውስጡን ያያሉ። ቀጥሎ ትንሽ ጥጥ በክር አስረው፣ ከቀዳዳው ሁለተኛ እጥፋት አልፎ እስኪቀመጥ ድረስ በጥንቃቄ ያስገባሉ፤ ጥጡ ሊጡ ወደ ታምቡሩ እንዳይሄድ ያግዳል፣ ክሩ ደግሞ ለመጎተቻ ነው። ሊጡን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይሞሉታል። በመጨረሻም ከጋዋናቸው ኪስ ቆሎ ዘግነው ለሰውየው ይሰጡታል።

“ያኝኩ” ይላሉ።

ሰው ሁሉ ይገረማል። ጆሮዬን ሊለኩ ነው ወይስ ሊጋብዙኝ? እሳቸው ግን ያለ ቆሎ ጆሮ አይለኩም። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳ አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። አፉን ገጥሞ ዝም ያለ ሰው ላይ የተወሰደ ልክ ዝም ላለ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው፤ መናገር ሲጀምር በጎን ክፍተት ይፈጠራል፣ በዚያ ድምፅ ይገባል። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ሲመጡ ቆሎው ይቀርና “እስቲ ልጆችዎን በስም ይጥሩልኝ” ይሏቸዋል። አንድ አባት አሥራ አንድ ልጆቻቸውን ጠርተው የልጅ ልጆች ላይ ሳይደርሱ ሊጡ ደረቀ።

የመጀመሪያውን ልክ የወሰዱት ከእኔው ጆሮ ነው። አጭር ውታፍ ሠርተው ሰኩልኝና “ተናገሪ” አሉኝ። ስናገር ድምፄ ገንቦ ውስጥ እንዳለሁ ጭንቅላቴን ሞላው። አጥሮ የተሠራ ውታፍ የሰውየውን ድምፅ እዚያው ያፍነዋል። ጠልቆ አጥንቱ ዘንድ የደረሰውን ሲሰኩልኝ ያ ሁሉ ጠፋ። “ሰው ላይ ከመሥራትሽ በፊት ክፉውንም ደጉንም በራስሽ ጆሮ እወቂው” አሉኝ። ስንት አለቃ አለ መሰላችሁ ለሠራተኛው ክፉውን ብቻ የሚያሳውቅ!

ከጎንደር፣ ጥርስ ቤቱ ባሕር ዳር ወደ ከፈተው ቅርንጫፍ ተላክሁ። የዚያ ቅርንጫፍ አለቃ ጀሶን በማንኪያ የሚሰፍር ሰው ነበር፤ አንዳንዴ ሕልሙ ውስጥም የሚሰፍር ይመስለኛል። እግዜር ይስጠው፣ ቁጠባን ከሱ ተማርኩ። ድርጅቱ ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ሲከፍት ግን “እኔ ልሂድ” ብዬ እጄን አወጣሁ። ለእናቴ ቅርብ ነው፤ ደግሞም የደብረ ታቦሩም የጎንደሩም መንገድ የሚገናኝበት ስለሆነ ሰው አይጠፋም።

ሰው አልጠፋም፤ ግን ሁሉም ይጮኻል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ብቻ ሆናለች። ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ ወንፊቱ፣ ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲያጓራ ይውላል። ከዚያ የሚመጡት ሠራተኞች “ጥርሴን አመመኝ” የሚሉት ገደል ማዶ ላለ ሰው እንደሚናገሩ ነው። “ቀስ በል ወንድሜ፣ እሰማለሁ” ስላቸው፣ “ምን አልሽ?” ይሉኛል። እኔ ጥርሱን ትቼ ጆሮ ጆሮውን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ለስላሳ ውታፍ እየሠራሁ ለጆንያ ተሸካሞቹ አዳረስኩ።

መቼም የኛ ሰው ደግ ነው! በሳምንቱ ሁለት ወንድማማቾች መጥተው “ውታፍሽ አይረባም፤ ያማል፤ ደግሞም ያስገባል” አሉኝ። ሳየው ያንደኛው ውታፍ የሌላኛው ጆሮ ውስጥ ነው። ለካስ ሠራተኞቹ ሁሉ በፈረቃ እየተዋዋሱት ነበር። “እሱ ሲያርፍ እኔ አደርገዋለሁ፤ ለብቻዬ ይዤ ንፉግ ልባል?” ይለኛል ታላቅየው። ጆሮ አይዋዋሱትም ብዬ ሳስረዳ እንደ ስስታም ነው ያዩኝ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ በየቀለሙ ሠራሁና ጉዳዩ በዚያ አለቀ።

እናትነሽ የመጣችው ሞባይል ስልክ ገና ወረታ የገባ ሰሞን ነው። አቶ ሞላ ከሚባሉ ባለወፍጮ ዘንድ ማሽን የምታንቀሳቅስ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። በሩን ከፍታ፣ “እትዬ ብርቄ ማለት አንቺ ነሽ?” ስትል መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞሮ አየ።

“ነኝ፤ ተቀመጪ።”

ከንፈሬን አይታ ነው የተቀመጠችው። ችግሯን ስትነግረኝ ድምፅዋ እየጮኸ ዓይኗ ያለቅሳል። የምትኖረው ከእናቷ ከእማማ ዘነቡ ጋር ነው። እማማ ዘነቡን በሽታ ጥሏቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ድምፃቸውም ከሕመሙ ወዲህ ሹክሹክታ ሆኗል። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን እሷ ማድቤት ሽንኩርት ስትከትፍ እናቷ ከአልጋ ወድቀው ይጣራሉ። ጎረቤት ሰምታ በአጥር ዘልላ ገባች።

“ጎረቤት ሰማች፣ እኔ እዚያው ሆኜ አልሰማሁም” አለችኝ። “ዝም ብዬ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ! ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፤ ‘የሄደው አይመለስም፣ የቀረሽን ጠብቂ፤ ከወፍጮው ራቂ’ አለኝ። ርቄ ምን ልብላ? እናቴን ምን ላብላት?”

ቤቷ ድረስ ሄጄ እማማ ዘነቡን ጠየቅኋቸው። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ነው የሰማኋቸው። “ልጄ ወፍጮ ትሰማለች፣ እኔን አትሰማኝም። ወፍጮ ብሆን ይሻለኝ ነበር” አሉና ሳቁ።

ቀልዳቸው ግን እውነት ነበረው። እናትነሽ ማሽኑን የምታስተካክለው በጆሮዋ ነው። መፈልፈያው ከጠበቀ የሩዙ ድምፅ ይቀጥናል፣ ፍሬው ይሰበራል፤ ከላላ ያንጎራጉራል፣ ሩዙ ከነገለፈቱ ይወጣል። እሷ ድምፁን እየሰማች ማጥበቂያውን በጣቷ ትነካካለች። አቶ ሞላ የሚወዷት ለዚሁ ነው፤ ገበሬውም እሷ ካለች ይሰለፋል።

እኔ በሙያዬ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩላት። ቆሎ አስቆረጠምኳት፤ ከሁለተኛው እጥፋት አልፌ ልክ ወሰድኩ፤ ልክ የሚባል ውታፍ ሠራሁ። ሰክቼላት ከኋላዋ ቆሜ ድስት ብመታ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እውነቱን ለመናገር በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው። ኮራሁ፤ ለጋሽ ሽፈራውም ደውዬ ነገርኳቸው።

የተዋጣለት መሆኑ ነው ጉድ ያደረገን። በዚያው ሳምንት አያ ደሴ የሚባሉ የሜዳው ገበሬ ለልጃቸው ሠርግ የሚሸጡትን ሩዝ ይዘው መጡ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከላይኛው አፍ አንድ ብሎን ረግፎ ከሩዙ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ጮኸ፣ ብረቱ ተፋጨ፣ ሰው ሁሉ “አጥፊው! አጥፊው!” ይላል። እናትነሽ ፀጥ ባለ ዓለሟ ውስጥ ሆና ሩዝ ታስገባለች። ሰው ነጠላዋን ጎትቶ እስኪነግራት ወንፊቱ ተቀደደ። አያ ደሴ ከሚወጣው ዘግነው መዳፋቸው ላይ አዩት።

“እናንተ ሰዎች፣ ይኼ ሩዝ ነው ወይስ ቅንጬ?” አሉ።

አቶ ሞላ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ንዴተኛ ናቸው እንጂ። “ከማሽኑ ውረጂ! ጆንያ ስፊ!” አሏት። እናትነሽ ቀጥታ ወደ እኔ መጣችና ውታፎቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

“ጆሮዬን ላድን ብዬ እንጀራዬን አጣሁ እትዬ ብርቄ” አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጩኸት ነው የተናገረችው። “አንቺ ምን አጠፋሽ፤ አዲሱ ሩዝ እስኪገባ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ያለ ውታፍ እሠራለሁ። ይደንቁር!”

“እናትሽስ?”

“እናቴማ ካልበላች በማን ድምፅ ትጠራኛለች?”

እሷ ከወጣች በኋላ እነዚያን ውታፎች እያየሁ ቁጭ አልኩ። ምንም እንከን የለባቸውም። እንከን ቢኖራቸው አስተካክላቸው ነበር፤ እንከን የሌለውን ነገር ምን ያደርጉታል? ለጋሽ ሽፈራው መልሼ ደወልኩ። ነገሩን እስክጨርስ ድረስ ሰሙኝና፣ “ወፍጮውን አላየሁትም። ካላየሁት ምን አወራለሁ? ነገ እመጣለሁ” አሉ። በማግሥቱ ሽበታቸውን በባርኔጣ ሸፍነው ከአውቶቡስ ወረዱ። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል፤ ማንም የሚያዛቸው የለም።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆመው ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ረዥም ዱላ አስመጡና አንዱን ጫፍ መፈልፈያው ብረት ላይ አስደግፈው ሌላውን ጫፍ ነከሱት። ጣታቸውንም ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። ወዲያው ያ የሠሩት ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ ይንገጫገጭ ጀመር። ተሸካሞቹ በሳቅ ሞቱ። እሳቸውም ዱላውን ተፉና፣ “ብርቄ፣ አንቺ የራስሽ ጥርስ አለሽ። ውታፉን አድርጊና ነይ ንከሺ” አሉኝ።

የራሴን ውታፍ ሰክቼ ነከስኩ። የሞተሩ ማጓራት ሩቅ ሄደ። በእሱ ፈንታ በዱላው በኩል፣ በመንጋጋዬ፣ በአጥንቴ፣ ሩዙ ሲፈስ ሰማሁ። ብቻውን! ሾ ሾ የሚል፣ የጠራ ድምፅ። እኔ ስለ ወፍጮ የማውቀው ነገር የለም፤ እናትነሽ ግን ከእኔ ተቀብላ እንደነከሰችው ፊቷ ተለወጠ። እጇን ዘርግታ ማጥበቂያውን ትንሽ አላላችው። የሚወጣውን ሩዝ ዘግና አየች፤ ዱላውን ከአፏ አወጣች።

“ከድሮው ይልቅ አጥርቼ ነው የሰማሁት!” ብላ ጮኸች። ቀጠለችና፣ “ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንደ በቅሎ ልለጎም ነው እንዴ?”

ጋሽ ሽፈራው፣ “አትለጎሚም። ድምፁ በብረቱ እንደሚመጣ አየን። ብረቱን የሚሰማ ነገር እንፈልግለታለን” አሉ።

መንገዱ ዳር ጌትነት የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ነገሩን ስንነግረው ሌላውን ሥራ ሁሉ ወዲያ ገፋው። ከአሮጌ የቤት ስልክ ውስጥ መነጋገሪያዋን ክብ ነገር አወጣና መፈልፈያው ብረት ላይ አጣበቃት። ሽቦዋን ወደ ተሰበረ ቴፕ ሆድ ዕቃ አገናኘ፤ በቴፑም ላይ የሞባይል ኤርፎን ሰካበት። ሩዙ በኤርፎኑ ተሰማ። ጌትነት በደስታ ዘለለ።

የጋሽ ሽፈራው ፊት ግን አልፈካም። ኤርፎኑ ከሱቅ የተገዛ፣ ለሁሉም ጆሮ ተብሎ ለማንም ጆሮ ያልሆነ ነው። በጎን የሞተሩ ጩኸት ይገባል። ጩኸቱ ሲገባ እናትነሽ ሩዙን ለመስማት ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፤ ከፍ ባደረገች ቁጥር ሞተሩ ያልጨረሰውን ጆሮ ኤርፎኑ ይጨርሰዋል። “መጀመሪያ ውጩን እንዝጋ” አሉ። “ውጩ ከተዘጋ ሹክሹክታም ይበቃታል።”

እንግዲህ ለኤርፎኑ ጫፍ ልክ ልወስድ ሆነ። ጋሽ ሽፈራው ከኪሳቸው ቆሎ አወጡና፣ ሊሰጧት ሲሉ ቆም አሉ።

“ቀን ሥራ ላይ ምን ስትይ ነው የምትውይው?” ብለው ጠየቋት።

“ምን እላለሁ? ከገበሬ ጋር ስጨቃጨቅ!”

ቆሎውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። “እንግዲያው ተጨቃጨቂ። አቶ ሞላ እዚህ ቆመዋል በይና የልብሽን ንገሪያቸው።”

ሊጡን ሞላሁ፤ እናትነሽ ጀመረች። ወይ ጉድ! እስከዚያች ቀን ድረስ ያጠራቀመችው ሁሉ ወጣ። መንጋጋዋ ይከፈታል፣ ይገጠማል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቆሎ ያን ያህል አያንቀሳቅሳትም ነበር። ሊጡ ከደረቀ በኋላም አላቆመችም። “በቃሽ፣ ደርቋል” ስላት፣ “ቆይ፣ የወንፊቱን አልነገርኳቸውም” አለችኝ። ጋሽ ሽፈራው ያን ጥርሳቸውን ይዘው ነው የሳቁት።

ቅርጹን በጀሶ ገልብጬ፣ ለስላሳውን ሲሊኮን አፍስሼ፣ መሃሉን በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁት፤ የኤርፎኑን አፍንጫ በዚያ ቀዳዳ አስገባሁና አጣበቅሁ። ቀዳዳው ከጆሮዋ እጥፋት ጋር እንዲሄድ ሦስት ጊዜ ነው አበላሽቼ የሠራሁት። ጌትነት ድምፅ መጨመሪያው ላይ ብሎን አሰረና ከተወሰነ ቦታ በላይ እንዳይዞር አደረገው። ሰው ሊጠራት ሲፈልግ ከማሽኑ በላይ የተንጠለጠለችውን አምፖል አብርቶ እንዲያጠፋም ተስማማን፤ ብሎን ማሽኑ ውስጥ የገባ ቀን የጮኸውን ሰው ሁሉ ማንም አልረሳውም።

አዲሱ ሩዝ ገባ። አቶ ሞላ እጃቸውን አጣምረው በር ላይ ቆሙ። አያ ደሴም ጆንያ አስጭነው መጥተዋል፤ የተሰበረባቸው ተተክቶላቸዋል፣ ቂማቸው ግን ገና ነው። እናትነሽ ኤርፎኗን ሰክታ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያው ጆንያ ወጣ፤ ሩዙ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው መሃል ላይ እጇን ብድግ አድርጋ ማሽኑን ቀጥ አደረገችው።

“ምን ሆንሽ?” አሉ አቶ ሞላ።

“ጠጠር አለ” አለች ከንፈራቸውን አይታ።

“የምን ጠጠር! እኔ እዚህ ቆሜ ምንም አልሰማሁ፤ ማንም አልሰማ። ገና በጠዋቱ ልታስቆሚኝ ነው? ሥራው…”

“ክፈቱት።”

ከፈቱት። አንዱ ተሸካሚ እጁን ከትቶ ዳበሰና የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር አወጣ። አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እኔ ነኝ የጨመርኳት” አሉ። “ልፈትናት ብዬ ነው። ሠርጉ ቀርቧል፣ ምን ላድርግ?”

አቶ ሞላ ዱላ ፍለጋ ዞር ዞር አሉ፤ ተሸካሞቹ መሃል ገቡ። አያ ደሴ ግን ግድም አልሰጣቸው። እናትነሽ ፊት ቆመው አምፖሏን አብርተው አጠፉ። ኤርፎኗን ስታወልቅ፣ “ልጄ፣ የቀረውን ሁሉ አንቺው ፈልፍይልኝ። ለሠርጉም ተጠርተሻል” አሏት። አቶ ሞላም ዱላውን ካጡት በኋላ፣ “እንግዲህ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፤ ሥራ!” ብለው ወጡ። ከማሽኑ ውረጂ ያላት ከዚያ በኋላ የለም።

ጋሽ ሽፈራው ዛሬ በሕይወት የሉም። አፈሩ ይቅለላቸው። ያን ቀን ሊያመሰግኗቸው የመጡትን ሁሉ፣ “ብርቄን ነው” እያሉ ወደ እኔ ይገፏቸው ነበር። የሠሩትን የሚያካፍሉ አለቃ ማግኘት ዕድል ነው፤ እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። ያን የመሰለ ሰው አጠገብ ጀሶ አቡክቼ ማደጌን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል፤ እንደ ልጅ ነው ደስ የሚለኝ።

ለእናትነሽ ግን ሥራዋ ብቻ አልነበረም ጉዳዩ። የሄደው ጆሮ አይመለስም፤ ሐኪሙ እውነቱን ነው። የቀረው ደግሞ በየማታው በጩኸት ደንዝዞ ነበር የሚገባው፤ ሳያገግም ይነጋል፣ ተመልሶ ይደነዝዛል። ኤርፎኑን ካደረገች በኋላ ማረፍ ጀመረ። አንድ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቤታቸው ሄድኩ።

እናትነሽ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች። እኔ እማማ ዘነቡ አልጋ ጫፍ ተቀመጥኩ። ጤናቸውን ጠየቅኋቸው። ሳብ አድርገው ወደ አፋቸው አስጠጉኝና፣ በዚያች ትንፋሽ በምታህል ድምፃቸው፣ “ይህች ልጅ ለወፍጮ ተድራ ለሰው ሳትዳር ልትቀርብኝ ነው። እስቲ አንቺ ምከሪያት፤ አፏ ትንሽ ስለት አለው እንጂ ልጅቱስ…” አሉኝ።

“ሰማሁሽ እማ!” አለች እናትነሽ ከጓሮ።

እማማ ዘነቡ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

“ወየው ጉዴ!” አሉ። “ከእንግዲህ ማንን አምቼ ልኑር?” ሳቅ ጀምረው ነበር፤ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባቸው።

እናትነሽ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ቀስ ብላ ገባችና ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

“እስቲ ድገሚው እማ” አለቻቸው። “ድምፅሽን ከፍ አታድርጊው። እንደዚያው አድርገሽ።”

እማማ ዘነቡም ደገሙላት።